የለመደ እጅና አዲስ ኮምፒዩተር

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ይላል ያገራችን ሰው። ጊዜና ቦታ ሲለወጥ አመሉን መለወጥ ያቃተው ሰው የሚሸነቆጥበት ተረት ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት ትንሹ ኮምፒዩተር በአሜሪካና በአውሮፓ ወደየቤቱ መግባት ሲጀምር፣ ይህ ተረት ልክክ የሚልባቸው የሚመስሉ ሰዎች ነበሩ። አዲሱን፣ ትንሹንና የግላቸው የሆነውን ኮምፒዩተር ገዝተው፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በዩኒቨርሲቲ የሚያውቁትን የትልቁን ኮምፒዩተር ጠባይ እንዲይዝ ያስገደዱት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሠሯቸውን አብዛኞቹን ፕሮግራሞች ዛሬ ከጥቂት ባለሙያዎች በቀር በስም የሚያነሣቸው የለም። ሲነሡም «አዲሱን ዘመን ያልተረዱ ሰዎች ናፍቆት» ተብለው ይታለፋሉ። እኔ ግን ወቀሳው ሁሉንም እኩል አይነካም ባይ ነኝ። ከአስመሳዮቹ መካከል ችግርን የኮረጁ አሉ፤ አሳብን የወረሱም አሉ። ሁለቱን ለይቶ ማየት የሐያሲ ሥራ ነው።

የምናገረው «ኤዲተር» ስለሚባለው የፕሮግራም ዓይነት ነው። ሰው ጽሑፉን የሚጽፍበት፣ የጻፈውን የሚሰርዝና የሚደልዝበት፣ አንዱን መስመር ከቦታው አንሥቶ ሌላ ዘንድ የሚያኖርበት መሣሪያ ነው። ገጽ አሳምሮ ለማተም የሚያገለግለው ፕሮግራም ወንድሙ ነው እንጂ እሱ አይደለም። «እንዲህ ያለው ነገር በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል?» የሚል አንባቢ ቢኖር መልሴ አጭር ነው። ስለ ብርዕና ስለ ብራና፣ ስለ ቀለም አበጣጠር ስንጽፍ ኖረናል። መሣሪያ የጸሐፊውን እጅ እንደሚገራ፣ እጅም በፈንታው አሳቡን እንደሚገራ እናውቃለን። ኤዲተርም ብርዕ ነው። ብርዕ ደግሞ ለእጅ ይቀረጻል። እዚህ የሚነሣው ጥያቄ «ለማን እጅ?» የሚለው ነው።

ማመልከቻ እንደማስገባት

አስመሳዩን ለመመዘን መጀመሪያ የተመሰለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሜይንፍሬም የሚባለው ትልቁ ኮምፒዩተር በአንድ ክፍል ተቀምጦ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያገለግል ነበር። ጸሐፊው ፊት ያለው ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው፤ ተርሚናል ይሉታል። አይ.ቢ.ኤም. በ1971 ያወጣው 3270 የተሰኘው የተርሚናል ቤተሰብ አንድ የተለየ ጠባይ ነበረው። ጸሐፊው ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ትልቁን ኮምፒዩተር አይጠራም። ስክሪኑ ላይ ከላይም ከታችም እንደፈለገ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፤ ትልቁ ኮምፒዩተር ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። «ኢንተር» የተባለውን ቁልፍ ሲጫን ለውጡ ሁሉ ባንድ ላይ ይላካል። መልስ እስኪመጣ ኪቦርዱ ይቆለፋል። ነገሩ ማመልከቻ ለመዝገብ ቤት እንደማስገባት ነው፤ ጽፈህ ጨርሰህ ታስገባለህ፣ ከዚያ እጅህን አጣጥፈህ ውሳኔ ትጠብቃለህ።

በዚህ ዓይነቱ ተርሚናል ላይ ከተሠሩት ኤዲተሮች በ1980 የወጣው ኤክስኤዲት የሚደነቅ ነበር። ከእያንዳንዱ መስመር ፊት አምስት የእኩል ይሆናል ምልክቶች ይደረድራል። ጸሐፊው በእነዚያ ምልክቶች ላይ «ዲ» የምትለዋን የላቲን ፊደል ቢጽፍባቸው መስመሩ ይጠፋል፤ «ኤም» ቢጽፍ መስመሩ ይነሣል፤ የሚያርፍበትን ቦታ ደግሞ ሌላ መስመር ፊት ሌላ ፊደል ጽፎ ያመለክታል። ስክሪኑን ሙሉ እንዲህ ምልክት አድርጎ «ኢንተር» ሲል ሁሉም ባንዴ ይፈጸማል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ይህ አሠራር የመጣው ከውበት ፍላጎት አይደለም። ተርሚናሉ በየቁልፉ መነጋገር ስለማይችል የተገኘ ብልሃት ነው። ችግር የወለደው ሥርዓት ነው ማለት ነው።

ዐይን እያለ በዳሰሳ

የቤቱ ኮምፒዩተር ይህ ችግር አልነበረበትም። ስክሪኑም ኪቦርዱም ሜሞሪውም ከአንድ ሰው ፊት ነው፤ ቁልፍ ሲነካ ወዲያው ይሰማል። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ሥርዓቶች ይዘዋቸው የመጡት ኤዲተሮች ይህን ጸጋ አልተጠቀሙበትም። ጌሪ ኪልዳል በሠራው ሲፒኤም በተባለው ሥርዓት ውስጥ የነበረው ኢዲ፣ ቲም ፓተርሰንም በ1980 የሠራውና በኋላ ከማይክሮሶፍት ዶስ ጋር የተሠራጨው ኤድሊን፣ ሁለቱም ያስመሰሉት ባለስክሪኑን ተርሚናል እንኳ አይደለም። ያስመሰሉት ከዚያ በፊት የነበረውን፣ በጥቅል ወረቀት ላይ እየመታ የሚያወጣውን ቴሌታይፕ ነው። በወረቀት ላይ የታተመ መስመር ተመልሶ አይለወጥም። ስለዚህ ጸሐፊው የመስመሩን ቁጥር ጠርቶ «አሳየኝ» ይላል፤ ያያል፤ «ለውጥ» ይላል፤ መለወጡን ለማረጋገጥ ደግሞ እንደገና «አሳየኝ» ይላል። የቤቱ ኮምፒዩተር ግን በአንድ ጊዜ ሃያ ምናምን መስመር የሚያሳይ ስክሪን ነበረው። ኤድሊን ዐይን እያለው በዳሰሳ የሚሄድ ሰው ነው።

ፍርዱን ማክበድ ግን አይገባም። ፓተርሰን ኤድሊንን የሠራው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲሆን፣ ከስድስት ወር በላይ ያገለግላል ብሎም አላሰበም። ለጊዜው የተተከለው ድንኳን ግን ቤት ሆኖ ቀረ። ማይክሮሶፍት ሙሉ ስክሪን የሚጠቀም ኤዲተር ከዶስ ጋር የሰጠው በ1991፣ በአምስተኛው ዕትም ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሌላ ኤዲተር ለመግዛት አቅም ያልነበረው ሰው፣ አይቶት የማያውቀውን የቴሌታይፕ ችግር በቤቱ ተሸክሞ ኖረ። መጥፎ ማስመሰል የምለው ይህን ነው። ምክንያቱ የሞተ ችግር፣ ምንም አሳብ ሳይከተለው፣ ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ሲወርድ።

ኅዳግ

ኬኤዲት ሌላ ታሪክ ነው። ማንስፊልድ ሶፍትዌር ግሩፕ የተባለ፣ በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት የሚገኝ አነስተኛ ድርጅት በ1983 ለአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር አወጣው። ኤክስኤዲትን በሜይንፍሬም ላይ የለመዱ ሰዎች በትንሹ ኮምፒዩተር ላይ ያንኑ ትዕዛዝ፣ ያንኑ አሠራር እንዲያገኙ ነው ዓላማው። ፊደላቱ በየመስመሩ ፊት የሚጻፉበት ቦታም አብሮ መጣ። ከላይ እንዳልነው የዚያ ቦታ ምክንያት የ3270 ተርሚናል ነበር፤ ተርሚናሉ በቤት ውስጥ የለም። ታዲያ ኬኤዲት ከኤድሊን በምን ይሻላል?

በዚህ ይሻላል። ችግሩ ሲወገድ ብልሃቱ ባዶ ሆኖ አልቀረም፤ ሁለተኛ ምክንያት አገኘ። በጽሑፉና ስለ ጽሑፉ በሚሰጠው ትዕዛዝ መካከል ድንበር አበጀ። መጽሐፍ የሚያርም ሰው እርማቱን በኅዳጉ ላይ እንደሚያመለክት ሁሉ፣ የኬኤዲት ጸሐፊም ዋናውን ጽሑፍ ሳይነካ «ይህ ይውጣ፣ ይህ ወደዚያ ይሂድ» የሚለውን በኅዳግ ይጽፋል። ከዚያ ሁሉንም አይቶ፣ አመዛዝኖ፣ ይፈጽማል። እያንዳንዱ ቁልፍ ወዲያው በሚሠራበት ኮምፒዩተር ላይ ይህ የማሰቢያ ፋታ ነው። ሌላም አለ። ከኤክስኤዲት በተወረሰው «ኦል» በተባለው ትዕዛዝ አንድ ቃል ያለባቸውን መስመሮች ብቻ ማየት፣ የቀሩትን ለጊዜው መሸሸግ ይቻላል። ረጅም ጽሑፍ ውስጥ አንድን ቃል ስንት ጊዜ እንደደጋገመው ማየት የሚፈልግ ጸሐፊ ጥቅሙን ሳይነግሩት ያውቀዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኅዳጉን የማይፈልግ ሰው ሊያጠፋው ይችላል። ልማዱ ላለው ተጠበቀለት፤ ለሌለው ግዴታ አልሆነበትም። ጥሩ አስመሳይ በዚህ ይታወቃል።

ይሁንና ኬኤዲትን ሳወድስ አንድ ቅር የሚለኝን ነገር ልሸሽግ አልፈልግም። የቤት ኮምፒዩተር ሲመጣ የሰጠው ተስፋ ትልቅ ነበር። ሰው በመሥሪያ ቤቱ ማሺን ፊት ተሰልፎ ከመጠበቅ ተገላግሎ የራሱ ማሺን ጌታ ይሆናል የሚል ነበር። ሜይንፍሬምን የሚመስለው ኤዲተር ግን የመሥሪያ ቤቱን ጠረጴዛ አንሥቶ ሳሎን ውስጥ አስቀመጠው። የአይ.ቢ.ኤም.ን ሌላውን የሜይንፍሬም ኤዲተር የሚመስለው ኤስፒኤፍ ፒሲም እንዲሁ ነበር። ቀን በመሥሪያ ቤት የተጀመረ ፕሮግራም ማታ እቤት ሊቀጥል ቻለ፤ እጁ ምንም አዲስ ነገር መማር አላስፈለገውም። ለሠራተኛው ምቾት ነው። ምቾቱ ግን የሥራ ሰዓቱን አጥር አፍርሷል። ይህ የኬኤዲት ጥፋት ነው አልልም፤ ኬኤዲት በሩን ስለመክፈቱ ግን አያጠራጥርም።

ጉድለቱን የተናገረው

ሦስተኛው ምሳሌዬ ሚንስ ነው። ለመምሰል የተነሣው ኢማክስን ነው። ኢማክስ በ1976 በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በሪቻርድ ስቶልማንና በጋይ ስቲል እጅ፣ ፒዲፒ 10 በተባለው ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ የተወለደ ኤዲተር ነው። የተገነባውም ቴኮ በተባለ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በተሠራ ሌላ ኤዲተር ላይ ነበር። ቴኮ እያንዳንዷ ፊደል ትዕዛዝ የሆነችበት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ «ስምህን ብትጽፍለት ምን እንደሚያደርግ ገምት» እየተባባሉ ይቀልዱበት ነበር። ከዚህ ዱር ውስጥ ኢማክስ ያወጣው ትልቅ አሳብ፣ ተጠቃሚው ኤዲተሩን ሥራ ላይ እንዳለ እንደየፍላጎቱ እንዲለውጠው መፍቀድ ነው። ብርዑን እየጻፈበት የሚቀርጸው ጸሐፊ ማለት ነው።

ማርክ ኦቭ ዘ ዩኒኮርን የተባለውን ድርጅት ያቋቋሙት የዚያው ተቋም ተማሪዎች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህንን ለሲፒኤም ኮምፒዩተሮች ሊያመጡት ተነሡ። የእነዚያ ኮምፒዩተሮች ሜሞሪ ቢበዛ 64 ኪሎባይት ነው። ጽሑፉ ሜሞሪ ውስጥ ስለማይበቃ ሚንስ ገሚሱን ዲስክ ላይ እያኖረ፣ ሲያስፈልግ እየመለሰ ይሠራ ነበር፤ ይህም ከትልልቆቹ ኮምፒዩተሮች የተወሰደ ዘዴ ነው። ስሙም የእንግሊዝኛ ምኅጻር ሲሆን፣ ሲተረጎም «ሚንስ ሙሉ ኢማክስ አይደለም» ማለት ነው።

አስመሳይ ጉድለቱን በስሙ ውስጥ ሲጽፍ ምን ያህል ጊዜ ታይቷል? ትሕትናው ደስ ይላል። ግን ስሙ ራሱን በድሏል እላለሁ። የቅኔ ተማሪ የሚጀምረው በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ሆኖም ጉባኤ ቃና ያልተጠናቀቀ መወድስ ነው የሚል የለም። በልኩ ሙሉ ነው። ሚንስም በ64 ኪሎባይት ልክ ሙሉ ሥራ ነበር። በእርግጥ የጎደለው ሌላ ነው። ኤዲተሩን በሥራ ላይ እንዳለ መለወጥ አይቻልም፤ ጠባዩን መለወጥ የፈለገ ሰው በሲ ቋንቋ የተጻፈውን ኮድ ነክቶ ፕሮግራሙን እንደገና መገንባት ነበረበት። የኢማክስ ጣቶች በቤት ኮምፒዩተር ላይ ዐረፉ፤ የኢማክስ ነፍስ ግን ትልቅ ሜሞሪ እስኪመጣ ደጅ ቆየች።

ከማስመሰል ወደ መሻሻል

ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉም ረጅም ዕድሜ ያገኘውን ነው። ቢል ጆይ በ1976 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ ቪአይ የተባለውን ኤዲተር መሥራት ጀመረ። ይሠራበት የነበረው ኮምፒዩተር በመጠኑ ከሜይንፍሬም ቢያንስም በአኗኗሩ ያው ነው፤ ብዙ ሰው በተርሚናል ይጋራዋል። ጆይ ከቤቱ በስልክ መስመር ሲገናኝ በሰከንድ 30 ፊደል ያህል ብቻ ነበር የሚተላለፈው። 24 መስመር፣ በየመስመሩ 80 ፊደል ያለውን ስክሪን ለመሙላት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በዚህ ዓይነት መንገድ ላይ ትዕዛዝ አጭር ካልሆነ ሥራ የለም። ስለዚህ ቪአይ አንድ አንድ ፊደል የሆኑ ትዕዛዞችን ይዞ ተወለደ። የተርሚናሉ ኪቦርድ የተለዩ የቀስት ቁልፎች አልነበሩትም፤ ቀስቶቹ ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል በተባሉት ፊደላት ላይ ተቀርጸው ነበርና መንቀሳቀሻዎቹ እነዚሁ ሆኑ።

በ1985 አታሪ ኤስቲ እና አሚጋ የተባሉት የቤት ኮምፒዩተሮች ወጡ። ማውስ አላቸው፤ ሥዕላዊ ስክሪን አላቸው፤ የቀስት ቁልፎችም አላቸው። የጆይ ችግሮች ሁሉ ተወግደዋል። ቲም ቶምፕሰን ግን በ1987 ለአታሪው ስቲቪን ሠራ፤ የስሙ ምኅጻር ሲፈታ «ለቪአይ አፍቃሪዎች የተሠራ የኤስቲ ኤዲተር» ማለት ነው። ስቲቪ ወደ አሚጋም ተሻገረ። ብራም ሞሌናር የተባለው የኔዘርላንድ ሰው በ1988 አሚጋ ገዝቶ ቪአይን ቢፈልግ አጣው፤ ስቲቪን አንሥቶ ያሻሽለው ገባ። በ1991 በነፃ በሚታደል ዲስክ ለሕዝብ ያወጣውን ሥራ ቪም አለው። በእንግሊዝኛ «የቪአይ አምሳያ» ለማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው የዚህ ሁሉ ክርክሬ ምስክር ነው። አምሳያው ከመነሻው በለጠ። ቪአይ የመጨረሻውን አንድ ለውጥ ብቻ መመለስ ሲችል ቪም ወደ ኋላ ብዙ እርምጃ ይመልሳል። ቪም ከቤት ኮምፒዩተር ተነሥቶ በ1992 ቪአይ ወደተወለደበት ወደ ዩኒክስ ሥርዓት ገባ። ስሙም ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ። በእንግሊዝኛ «አምሳያ» እና «የተሻሻለ» የሚሉት ቃላት በተመሳሳይ ፊደላት ስለሚጀምሩ፣ ቪም «የቪአይ አምሳያ» መሆኑ ቀርቶ «የተሻሻለ ቪአይ» ተባለ። የስልኩ መስመር ፍጥነት ተረስቷል፤ ያቺ አጭር ትዕዛዝ ግን ዛሬም በሚሊዮን ጣቶች ላይ አለች። ምክንያቱም ችግሩ ሲሄድ አሳቡ ቀርቷል። ጽሑፍ ማመንጨትና ጽሑፍ ማረም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ለየሥራው እጅ የተለየ ቋንቋ ይኑረው የሚለው አሳብ ነው የቀረው።

የዚህ ፕሮግራም ታሪክ ወደ እኛም ሰፈር ይጠጋል። ሞሌናር በ1994 በደቡብ ኡጋንዳ፣ በኪባሌ፣ በውሃና በንጽሕና ሥራ ለአንድ ዓመት ያህል አገልግሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቪምን ያለ ዋጋ እየሰጠ፣ የወደደው ሰው የኪባሌን ልጆች እንዲረዳ ይጠይቅ ነበር። ፕሮግራሙ ሲከፈት «በኡጋንዳ ያሉ ድኾች ሕፃናትን እርዱ» የሚለውን መልእክት ለብዙ ዓመታት ሲያሳይ ኖሯል። ሞሌናር በነሐሴ 2023 አረፈ።

የእኛስ እጅ?

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከነዚህ ኤዲተሮች አንዱ ፊደላችንን ያወቀው ገና በ1990ዎቹ ነው። ኢማክስ በ1997 በወጣው ሃያኛ ዕትሙ፣ በጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ ላይ ተመሥርቶ፣ ብዙ የዓለም ፊደላትን ሲቀበል የኢትዮጵያም ፊደል ከመካከላቸው ነበረ። ዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ ዩኒኮድ ፊደላችንን የተቀበለው በ1999 ነው። በፒዲፒ 10 ላይ የተወለደው የድሮ ኤዲተር ልጅ ከዩኒኮድ ቀድሞ «ሀ»ን አነበበ ማለት ነው። ከእሱ በፊት ደግሞ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው የሠሯቸው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ነበሩ።

በኢማክስ ውስጥ አማርኛ የሚጻፍበት ሥርዓት፣ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያዘጋጁት፣ ፊደላችንን በላቲን ሆሄያት የሚወክለው ዘዴ ነበር። «ሰላም» ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ይመታል። ትንሹ ቲ «ት» ነው፤ ትልቁ ቲ «ጥ» ነው። ሦስት ፊደል በአምስት ቁልፍ። ዘዴው ከችግር የተወለደ መሆኑ ግልጽ ነው። ኪቦርዱ የላቲን ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ደብዳቤውም ከላቲን ሌላ ፊደል ለማሳለፍ ይቸገር ነበር። ያኔ ምክንያቱ በቂ ነበር፤ ሥራውም ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ዛሬ ግን የስልካችን ኪቦርድ ስክሪን ላይ ያለ ሥዕል ነው፤ የፈለግነውን ቅርጽ ሊይዝ ይችላል። ታዲያ ብዙዎቻችን አማርኛን አሁንም በላቲን ድምፅ እየመታን ስንጽፍ፣ በኤድሊን መንገድ ነን ወይስ በኬኤዲት? ኬኤዲትን በመዘንንበት ሚዛን ልመዝነው። ችግሩ ከሄደ በኋላ ሁለተኛ ምክንያት አግኝቷል? በከፊል አዎ። የሰባቱን ቤት ሥርዓት፣ አንድ ተነባቢ ሰባት አናባቢ እየተከተለው እንደሚለዋወጥ፣ ጣት እንዲያውቀው ያደርጋል። ይህ አሳብ ነው፤ ሊጠበቅ ይገባል። ነገር ግን «ጥ» የ«ት» ትልቅ ወንድም እንደሆነች፣ «ጭ»ም ከ«ች» የምትለየው በላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደሆነ የሚያስተምረው ክፍል አሳብ የለውም። የዚያ የጠፋ ኪቦርድ ችግር ነው። ፊደልን ከገበታው ላይ ሳይሆን ከስልክ ላይ የሚቆጥር ልጅ ባለበት ዘመን፣ ይህን ችግር አብሮ ማውረስ ከኤድሊን የከፋ ነው። ኤድሊን የወረሰው የማሺን ልማድ ነበር፤ ይህ ግን ልጁ ፊደሉን የሚያይበትን ዐይን ይነካል።

ስለዚህ ለአማርኛ የመጻፊያ ፕሮግራም የሚሠሩ ወጣቶቻችን ከነዚህ የተረሱ አስመሳዮች አንድ ነገር ቢወስዱ እወዳለሁ። ያለፈውን መምሰል አያሳፍርም፤ ሞሌናርም የጀመረው በማስመሰል ነው። የተወረሰውን እያንዳንዱን ልማድ ግን «የመጣህበት ምክንያት አለ ወይስ ሞቷል? ከሞተስ ሌላ ሥራ አግኝተሃል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልስ ያለው ይቆይ፤ መልስ የሌለውን ደግሞ፣ እንደ ኬኤዲት ኅዳግ፣ የለመደው ሰው እንዲይዘው፣ አዲሱ ሰው ግን እንዲያጠፋው መንገድ ይበጅለት።